የፊሽካ የቤት ሥራ

በዚያ የስፌት ፋብሪካ ሰው በስሙ የሚጠራው ሲቀጠርና ሲባረር ብቻ ነው። በመሀል ያለውን ዕድሜ በሙሉ የሚጠራው በመኪናው ቁጥር ነው። እሷ ዘጠኝ ነበረች። አሥራ አንድ ዓመት ዘጠኝ ቁጥር መኪና ላይ ቁጭ ብላ የልጆች ሸሚዝ ኮሌታ ስትሰፋ ኖራለች፤ መንገድ ላይ እናቷ ባወጣችላት ስም የጠራት ሰው ቢኖር ሌላ ሰው የተጠራ መስሏት ታልፈው ነበር። ዘጠኝ ሲሏት ግን እንቅልፍ ላይም ብትሆን አቤት ትላለች።

የመስመር ሦስት ኃላፊ ደግሞ ፊሽካ ይባላል። ፊሽካ ያሉት አንገቱ ላይ ፊሽካ ስለሚያንጠለጥል ነው፤ ስም አውጪዎቹ ብዙ አልደከሙበትም። ፊት እሱም እንደ ሰው ስምንት ቁጥር ነበረ። ከዘጠኝ ጎን ተቀምጦ ኮሌታ ሲያበላሽ ይውል ነበር፤ የኮሌታ ጥግ እንዴት እንደሚገለበጥ እጁን ይዛ ያስተማረችው እሷ ናት። ከዚያ እንዴት እንደሆነ እንጃ፣ ድምፁ ከሁሉም ስለሚበልጥ ይሆናል፣ ኃላፊ አደረጉት። የሽንት ቤት መሄጃው ካርድ፣ የትርፍ ሰዓቱ ድልድል፣ የፈቃዱ ወረቀት ሁሉ እጁ ገባ። ሃያ ስምንት ሴቶች ከዚያን ቀን ጀምሮ የሚስቁትም ዝም የሚሉትም የእሱን ፊት አይተው ሆነ።

እንግሊዝኛው የመጣው በደብዳቤ ነው። ልብሱን የሚገዛው የባሕር ማዶ ኩባንያ፣ ሠራተኞቻችሁ ስለ አያያዛቸው በራሳቸው አፍ ሊያስረዱን ይገባል ብሎ ጻፈ። ሥራ አስኪያጁ ደብዳቤውን ሦስት ጊዜ አነበበና፣ ገዢው የፈለገው ሠራተኛው እንግሊዝኛ እንዲናገር ነው ብሎ ደመደመ። አያያዝ የምትለው ቃል ዓይኑ አልገባችም። ሰኞና ረቡዕ ከምሳ ሰዓት ላይ ግማሹ ተቆረሰና ጨርቅ መቁረጫው አዳራሽ ውስጥ ትምህርት ተጀመረ። ጥቁር ሰሌዳ ከየት እንደመጣ እንጃ መጣ፤ ተማሪው በመቁረጫው ጠረጴዛ ዙሪያ በርጩማ ላይ ተደረደረ።

መምህሩ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። ኮቱ ላይ የጠመኔ ብናኝ አይጠፋም፤ ሥራ አስኪያጁንም ጽዳት ሠራተኛዋንም እኩል ይቆጣል። አንድ ሕግ ነበረው፤ የውሸት ዓረፍተ ነገር አይቀበልም። ሰው የደረሰበትን ነገር የጻፈበት ቃል ከጭንቅላቱ አይወጣም ባይ ነው። አንዷ ምስኪን «ባለፈው ዓመት በመርከብ ሄድኩ» ብላ ብትጽፍ፣ የመርከቡ ስም ማን ነው፣ በስንት ሰዓት ተነሣ፣ ምን አበሉሽ እያለ ፊት ለፊት አስለቅሷታል። ከዚያ ወዲያ መርከብ ያነሣ ሰው የለም። ሁሉም ስለ አውቶቡስ መጻፍ ጀመረ።

ፊሽካ የሚቀመጠው ከፊት ነበር። የሚያውቀው እንግሊዝኛ አንድ ቃል ነው፤ «የስ»። ያችን ቃል ግን እንዴት ያለ አነጋገር ይናገራታል መሰላችሁ፤ አንዴ ረዘም፣ አንዴ ቆረጥ፣ አንዴ ጭንቅላቱን እየነቀነቀ፤ የማያውቀው ሰው ሊቅ ነው ብሎ ይምላል። ሥራ አስኪያጁ የትምህርቱን የምስክር ወረቀት ያገኘ የመስመር ኃላፊ የአዳራሹ ሁሉ ኃላፊ ይሆናል ብሎ ተናግሮ ነበር። ስለዚህ ፊሽካ የቤት ሥራውን ከዘጠኝ ደብተር ይገለብጣል። ጽሕፈቱ መቼም ልቅም ያለ ነው፤ ደብተሩን በፕላስቲክ ሸፍኖ፣ ከየገጹ ግርጌ ይፈርማል። በዚያ ፋብሪካ ያልተፈረመበት ወረቀት ወረቀት አይባልም።

እሷ ደግሞ ጎበዝ ነበረች። አሥራ አንድ ዓመት ኮሌታ ላይ ያጎነበሰ ጭንቅላት ሌላ ነገር ሲሰጡት እንደዚያ ይጠማል ብሎ የጠረጠረ አልነበረም፤ እሷም ራሷ። አውቶቡስ ላይ ታጠናለች፤ ሳህን ስታጥብ ታጠናለች፤ እናቷን «ጉድ ሞርኒንግ» እያለች ትቀሰቅሳለች። እናቷ የትምህርት ቤት ጽዳት ሠራተኛ ሆና የኖረች፣ ምላሷ እንደ ድሮ መጥረጊያዋ ማንንም የማይምር ሴት ናት። ቀስቃሿን በተለመደው ቋንቋ ጥሩ አድርጋ ትሰድባታለች።

ታዲያ ይኼ ሁሉ በሰላም እየሄደ ሳለ የመርፌው ነገር መጣ።

ልብስ ስፌት ውስጥ መርፌ መስበር ነውር አይደለም። ነውሩ ስባሪውን ማጣት ነው። መርፌ ሲሰበር መኪናው ይቆማል፤ ፍንካቹ ሁሉ ተለቅሞ የመርፌ መዝገብ ላይ በፕላስተር ይለጠፋል፤ የሠራተኛዋ ቁጥርና ቀኑ ይጻፋል፤ ኃላፊው ይፈርማል፤ አዲስ መርፌ የሚሰጠው ከዚያ በኋላ ነው። የቅንጣት ታህል ጫፍ እንኳ ከጠፋች መስመሩ በሙሉ ይቆማል፤ ወለሉ በማግኔት ይጠረጋል፤ የተሰፋው ልብስ አንድ በአንድ ይፈተሻል። የሚለብሱት ልጆች ናቸውና ቀልድ የለም።

አንድ ቀን ከገዢው ኩባንያ ደብዳቤ መጣ፤ በልጅ ሸሚዝ ኮሌታ ውስጥ የመርፌ ጫፍ ተገኘ ይላል። እግዜር አትርፎ የልጁን አንገት ሳይሆን የእናቱን ጣት ነው የወጋው። መዝገቡ ተገለበጠ። ሸሚዙ የተሰፋው ወሩ በገባ በአሥራ አራት ነው። በአሥራ አራት የተለጠፈች አንዲት ስብር መርፌ አለች፤ ሁለት ቁራጭ ናት፤ ጫፏ የለም። ጫፍ የሌላት መሆኗ እንዳይታይ ፕላስተሩ አራት ዙር ተደራርቦባታል። የሠራተኛ ቁጥር፦ ዘጠኝ። የኃላፊ ፊርማ፦ ፊሽካ።

እውነቱ ግን ይኼ ነው። ያን ቀን ዘጠኝ በዘጠኝ ቁጥር መኪናዋ ላይ አልነበረችም። የቁልፍ ቀዳዳ የምትሠራዋ ሴት ወልዳ ስለቀረች ሁለት ሳምንት ሙሉ ሃያ ሁለት ቁጥር መኪና ላይ ተዛውራ ነው የሠራችው፤ ዘጠኝ ቁጥር ሽፋኑን ለብሶ ቆሞ ነበር። ያን ቀን በምሳ ሰዓት ፊሽካ ከቤቱ መጋረጃ በፌስታል ይዞ መጣ። ሽፋኑን ገፈፈ፤ ቁጭ አለና የመጋረጃውን ጠርዝ መስፋት ጀመረ። ወፍራሙን ጨርቅ ለኮሌታ በተሠራች ቀጭን መርፌ ሲደበድባት ቀጭ አለች። ጫፏ ጎን ከተከመረው ኮሌታ መሀል ተስፈንጥራ ገባች። ፊሽካ ግራ አየ፤ ቀኝ አየ፤ ወለሉን በጫማው አበስ አበስ አደረገና ተነሣ። ሃያ ስምንት ሴቶች ምሳቸውን እያኘኩ አይተዋል። ሃያ ስምንቱም ማኘካቸውን ቀጠሉ።

ሥራ አስኪያጁ ዘጠኝን ጠራት። ሃያ ሁለት ላይ ነበርኩ ብላ አስረዳች። ፊሽካ ጣሪያ ጣሪያውን እያየ መዝገቡ ዘጠኝ ይላል አለ። የዚያን ጊዜ የሠራሁትን በየቀኑ በእጄ የሞላሁበት ቁራጭ ወረቀት ይታይልኝ ብትል፣ የዚያ ወር ወረቀት ታስሮ ወደ ማከማቻ ወርዷል፣ ለአንቺ ብለን ጆንያ አንፈታም ተባለች። ሥራ አስኪያጁ ለገዢው የሚልከው መልስ ላይ የአንድ ሰው ቁጥር መጻፍ እንዳለበት፣ በግሉ ምንም ቂም እንደሌለው ጨምሮ ነገራት። ከዚያ በአምስት ቀን ውስጥ የማትባረሪበትን ምክንያት በጽሑፍ አስረጂ የሚል ደብዳቤ ተሰጣት፤ መቀበሏንም ፈረመች።

ደብዳቤውን አጣጥፋ ወደ መስመሯ ተመለሰች። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ሌላ ሥራ ጠፍቶ አይደለም። መርፌ አስጠፍታ ተባረረች የሚል ወረቀት ይዞ የሚዞር ሠራተኛን ግን የትኛውም የስፌት ፋብሪካ በር ላይ እንኳ አያቆመውም። አርባ ዓመቷ ነው፤ እጇ ከስፌት ሌላ አያውቅም፤ ቤት ውስጥ ያለችው እናቷ ብቻ ናት፤ እሷም ጉልበቷ ዝሏል። የመስመሯን ሴቶች አንድ በአንድ ዓይን ዓይናቸውን አየቻቸው። ሁሉም ጨርቃቸው ላይ አጎንብሰው የማይሰፋ ነገር ይሰፉ ነበር። አልተናገረቻቸውም። ሽንት ቤት የሚሄዱት በማን ካርድ እንደሆነ ታውቃለች።

ይህ የሆነው ዓርብ ነው። ሰኞ ትምህርት ነበረ።

መምህሩ ሰሌዳው ላይ አምስት ቃል ጻፈ። መጽሐፉ እዚያ ምዕራፍ ላይ ደርሶ ነው እንጂ ነገር ፍለጋ አልነበረም። አክሲደንታሊ፤ ሳይታሰብ፣ እጅ አምልጦት። ሚስቴክንሊ፤ አንዱ ሌላ መስሎት፣ ሳያውቅ። ሮንግሊ፤ ባልሆነ መንገድ። ዴሊበሬትሊ፤ አስቦበት። አንፌርሊ፤ ፍርድ በጎደለበት፣ ሰውን በድሎ። መጽሐፉ ለምሳሌ ያመጣው ሰው ሳይሰርቅ ተከስሶ ነው። መምህሩ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ገፍቶ፣ ሕይወት ውስጥ ከእነዚህ ከአምስቱ ያመለጠ ሰው ካለ እጁን ያውጣ አለ። እጁን ያወጣ የለም። የዘጠኝ እስክሪብቶ ቆመች፤ ዓይኗ ከቃል ወደ ቃል እየዘለለ አንፌርሊ ላይ ሲደርስ ቀረ። እስከዛሬ ያንን ነገር ሆዷ ውስጥ ይዛው ስትዞር ስሙን አታውቀውም ነበር፤ በባዕድ ቋንቋ አገኘችው።

ለረቡዕ የተሰጠው የቤት ሥራ አሥር ዓረፍተ ነገር ነው። እኔ ብሎ የሚጀምር፣ ራሳችሁ ያደረጋችሁት ወይም የደረሰባችሁ፣ በአምስቱ ቃላት። መምህሩ ሲወጣ ደግሞ ዞር ብሎ፣ ባለፈው ሁለት ደብተር ላይ አንድ ዓይነት ስህተት አይቻለሁ፣ ሁለተኛ ባይ ሁለቱንም እጥላለሁ አለ።

ታዲያ ፊሽካ ምን ቢል ጥሩ ነው? ዓይኑን በጨው የታጠበ ሰው ማለት እሱ ነው። ሲወጡ ተከትሏት መጣና በመጋዘኑ ጥግ አስቁሞ፣ ሰውየው ነቅቶብናል አላት። «ብናል» አለ፤ ሁለት ሆነው የገለበጡ ይመስል።

«የእኔን ለብቻ ጻፊልኝ። ያንቺን አትመሳስዪው። ረቡዕ ጠዋት ሰጥተሽኝ እገለብጠዋለሁ።»

ይኼ ሰው ከሦስት ቀን በፊት እንጀራዋን የቆረጠ ሰው ነው። ከዚህ ልትባረር አራት ቀን የቀራትን ሴት የቤት ሥራ ሥሪልኝ ይላል። ፊቱን አየችው፤ ቅንጣት እፍረት የለበትም። ጭራሽ የቸኮለ ይመስላል። ስለምን ልጻፍልህ ብላ ጠየቀችው።

«እኔ ምን አውቄ? ስለ ሥራ ይሁን» አለና ፊሽካውን እያሽከረከረ ሄደ።

ቤት ገብታ ለእናቷ ከሀ እስከ ፐ ነገረቻት። እናቷ መጀመሪያ ፊሽካን፣ ቀጥሎ የፊሽካን ወላጆች፣ ቀጥሎ መጋረጃ የፈለሰፈውን ሰው በየተራ ረገመች። ከዚያ፣ ሰውየው የምትጽፊለትን ሳያነብ ነው የሚገለብጠው አይደል ብላ ጠየቀቻት። ዘጠኝ ሊገባት የነበረው ነገር ያኔ ገባት። ወዲያው ደግሞ ፈራች። ተንኮል ነው፣ ሰውን ሳያውቅ በገዛ እጁ ማሳሰር ነው፣ ሆዴ አልወደደውም አለች።

«እውነት ነው የምትጽፊው ውሸት?» አለች እናቷ።

«እውነት።»

«እውነት ከሆነ ምኑ ላይ ነው ተንኮሉ? ጻፊልኝ ያለሽ እሱ። ስለ ሥራ ይሁን ያለሽ እሱ። መብራት አብሪና ጻፊ፣ እኔንም በዚያ ጉድ ሞርኒንግ አታድርቂኝ።»

ጻፈች። የመምህሩን ሕግ አክብራ ያላየችውን አንዲትም ነገር አልጨመረችም። በአሥራ አራት በምሳ ሰዓት ዘጠኝ ቁጥር ላይ የቤቴን መጋረጃ እሰፋ ነበር። መርፌዋን አክሲደንታሊ ሰበርኳት። ወለሉን በጫማዬ አበስኩ እንጂ ዴሊበሬትሊ ጫፏን አልፈለግኩም። መዝገቡ ላይ ሮንግሊ ዘጠኝ ብዬ ጻፍኩ። ዘጠኝ ያን ቀን ሃያ ሁለት ላይ ነበረች። ዘጠኝ አንፌርሊ ተከሰሰች። እንዲህ እያለች ዘጠነኛው ዓረፍተ ነገር ላይ ደረሰች። አሥረኛው አስቸገራት። አንድ ሁለት ክፉ ዓረፍተ ነገር መጥቶላት ነበር፤ ስለ ድምፁ፣ ስለ እግሩ ሽታ። ሁሉም እውነት ነበሩ። ግን እስክሪብቶዋ ሌላ ጻፈች፦ ፊት ስምንት ቁጥር ነበርኩ፤ ኮሌታ መገልበጥ ያስተማረችኝ ዘጠኝ ናት። ለምን እንደጻፈችው አታውቅም። ሰርዛው ደግሞ መልሳ ጻፈችው።

ረቡዕ ጠዋት ፊሽካ ወረቀቱን ተቀበለና በሻይ ሰዓት ቁጭ ብሎ ገለበጠ። ምላሱን በጥርሱ ይዞ፣ አንድ ፊደል ሳያዛንፍ፣ እንዳማረበት። ፈረመ። ቀኑን ጻፈ። ወረቀቷን መልሶ ሲሰጣት «ጎበዝ ነሽ እኮ» አላት፤ ከልቡ ነው። መምህሩ ደብተሮቹን ሰብስቦ ለእርማት ሊወስድ ሲል ሥራ አስኪያጁ ከለከለው። የገዢው ተቆጣጣሪ ነገ ትመጣለች፣ ደብተሮቹ ጠረጴዛ ላይ ይደርደሩ፣ ምን ያህል እንደተማሩ ትመልከት አለ።

ተቆጣጣሪዋ ሐሙስ መጣች። የመጣችው ለመርፌዋ ነው። ጠፍጣፋ ጫማ ያደረገች፣ የእኛን ቋንቋ ባትናገረውም የምትሰማ፣ ጥያቄ ጠይቃ መልሱ እስኪመጣ ዓይኗን የማትነቅል ሴት ናት። ሥራ አስኪያጁ መዝገቡን ከማሳየቱ በፊት በአዳራሹ በኩል አሳለፋት፤ ሠራተኞቹ ቆመዋል፣ መምህሩ ቆሟል፣ ደብተሮቹ ተደርድረዋል። ከሃያ ዘጠኙ ደብተር አንዱ ብቻ በፕላስቲክ ተሸፍኖ ያበራል። ማንም ቢሆን ያንን ነው የሚያነሣው። አነሣችው።

አነበበች። ገጹን ገለጠች። ወደ መጀመሪያው ተመልሳ እንደገና አነበበች። ከዚያ ድምፅዋን ሳትለውጥ የማን ነው ብላ ጠየቀች። ፊሽካ ፊሽካውን ወደ ጀርባው ወርውሮ አንድ እርምጃ ወጣ።

አንተ ነህ የጻፍከው? አለችው በእንግሊዝኛ። «የስ» አለ፤ ረዘም አድርጎ። እዚህ ያለው ሁሉ በእርግጥ የሆነ ነው? «የስ፣ የስ» አለ፤ ቆረጥ አድርጎ። ፊርማውስ ያንተ ነው? ፊርማ የምትለውን በጣቷ ስላሳየችው ይቺን በደንብ ተረዳት፤ ደረቱን ነፍቶ፣ ጭንቅላቱን እየነቀነቀ፣ በሕይወቱ ከተናገራቸው ሁሉ ያማረችውን «የስ» አወጣ።

ሥራ አስኪያጁ በትከሻዋ በኩል አንብቦ ነበር። ፊቱ ቀላ፣ ቀጥሎ ነጣ፣ ቀጥሎ የሸሚዙን ቀለም መሰለ። ይኼ ልምምድ ነው፣ ለምሳሌ የተጻፈ ነው፣ ተማሪ የመጣለትን ይጽፋል እያለ ይስቅ ጀመር። ሳቁን ያቋረጠው መምህሩ ነው። ሰውየው ሲቆጣ ጆሮው ይንቀሳቀሳል።

«በእኔ ክፍል የመጣለትን የሚጽፍ የለም» አለ፤ መጀመሪያ በእንግሊዝኛ፣ ከዚያ ሁሉም እንዲሰማ በእኛው ቋንቋ። «ያልሆነ ነገር የጻፈ ዜሮ ነው የሚያገኘው። ጠይቋቸው።»

መርከብ ጽፋ ያለቀሰችው ሴት እጇን አውጥታ እውነቱን ነው አለች። በዚያ ፋብሪካ ሳይጠራ የተናገረ ሰው ሲታይ ይኼ የመጀመሪያው ነው። ከዚያ ተቆጣጣሪዋ የመርፌ መዝገቡን አስመጣች። ፊርማና ፊርማ ጎን ለጎን አደረገች። ዘጠኝ ማን ናት አለች። ዘጠኝ ወጣች። እንግሊዝኛዋ አልከዳትም። ያን ቀን ሃያ ሁለት ላይ እንደነበረች፣ ቀኑንም የቁልፍ ቀዳዳውንም ተናገረች፤ ሁለት ቦታ ተሳሳተች፤ መምህሩ በስቃይ ዓይኑን ጨፈነ እንጂ አላቋረጣትም። ለአንቺ ብለን አንፈታም የተባለው ጆንያ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ከማከማቻ ወጥቶ ተፈታ። የሃያ ሁለት ቁጥር ቁራጭ ወረቀቶች ሁሉ የእሷ ጽሕፈት ናቸው።

ያን ቀን ከሰዓት ፊሽካ ፊሽካውን አስረክቦ ከመቁረጫው ጠረጴዛ ጥግ ተቀምጦ ነበር። መምህሩ መዝገበ ቃላት ፊቱ አስቀምጦ፣ የሌላ ሰው ሥራ የፈረመ ሰው ቢያንስ ምን እንደፈረመ ማወቅ አለበት ብሎት፣ አሥሩንም ዓረፍተ ነገር ቃል በቃል እንዲተረጉም አስገድዶት ነው። ሰዓት ሲደርስ ሴቶቹ እያለፉ አዩት። ጣቱን ቃል ላይ አድርጎ፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ፣ ገና አራተኛው ላይ ነበር። ያላገጠበት አልጠፋም። ዘጠኝ ግን ቀና ብላ ማየት አልቻለችም። ደስ ሊላት ሲገባ እርምጃዋን አፍጥና ሄደች።

ዓርብ፣ አምስተኛው ቀን፣ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ተጠራች። ተቆጣጣሪዋ በጎን ክፍል በሩን ገርበብ አድርጋ ፋይል ታገላብጣለች። ፊሽካ ከግድግዳው ተጣብቆ ቆሟል፤ ዓይኑ ቀልቷል፤ ከሰኞ ጀምሮ ወደ ስምንት ቁጥር ትመለሳለህ ተብሏል። ሥራ አስኪያጁ ፈገግ ብሎ ደብዳቤ ዘረጋላት። የእሷ ሥራ እንደተጠበቀ ነው፤ ማስጠንቀቂያው ተሰርዟል፤ ቅጂው ለገዢው ይላካል፤ እዚች ላይ ብቻ ፈርሚ።

እስክሪብቶ አነሣች። አነበበች። ሠራተኛዋ ሚስቴክንሊ ተከስሳ ነበር ይላል። እስክሪብቶውን መልሳ አስቀመጠች።

ይቺ ቃል ልክ አይደለችም፣ ትለወጥ አለችው። ሥራ አስኪያጁ ያልሰማ መስሎ ቀኑን እዚህ ጻፊ አላት። ደግማ ተናገረች። ያኔ ፈገግታው ለቀቀው። ሥራሽ ተመልሶልሻል፣ ከዚህ ወዲያ ምን ፈልገሽ ነው፣ ሁለቱም ያው ጥፋት አልነበረባትም ማለት ነው፣ በአንድ ቃል እንዲህ ትሆኛለሽ? ካልፈረምሽ ደብዳቤው አይጸናም፤ ካልጸና ደግሞ አምስት ቀንሽ ዛሬ ነው የሚያልቀው።

ይኼን ጊዜ ፈራች፤ በውነት ፈራች። እናቷ ታየቻት። የቤቷ በር ታየቻት። ዝም ብሎ መፈረም እኮ ቀላል ነው፤ አሥራ አንድ ዓመት የቀረበላትን ሁሉ ስትፈርም ኖራለች።

«በአሥራ አንድ ዓመት ሰባት መርፌ ሰብሬያለሁ» አለች። «ሰባቱም መዝገቡ ላይ አሉ፣ ከነጫፋቸው። ስህተት ማለት እሱ ነው፤ ሰው ሲሳሳት ወዲያው ይታወቃል። እኔ ላይ ግን የተሳሳተ ሰው የለም። ሁሉም ያውቅ ነበር።»

ሥራ አስኪያጁ ገርበብ ያለውን በር በጎን ዓይኑ አየ፤ ድምፁን ቀነሰ። ከዚያ ወደ ግድግዳው ዞረ። ይኼው ጥፋተኛው ራሱ ቆሟል፣ እሱ ይናገር፤ መዝገቡን ስትጽፍ አንዱ ቁጥር ሌላ መስሎህ ነው፣ አይደለም እንዴ? ተሳስተህ ነው፣ በላት። በላትና ይለቅ።

ፊሽካ የስ አላለም። ከኪሱ የተጣጠፈ ወረቀት አወጣ፤ የአሥሩ ዓረፍተ ነገር ትርጉም ነው፤ ስርዝ ድልዝ የበዛበት። የመጨረሻውን መስመር ለራሱ አንብቦ መልሶ አጠፈው። ዘጠኝን አያት፤ ስምንት ቁጥር ሆኖ ኮሌታ ያበላሸ ቀን እንዲህ ነበር የሚያያት።

«ሚስቴክንሊ አይደለም፣ ጌታዬ» አለ። «አንፌርሊ ነው። መዝገበ ቃላቱን አይቼዋለሁ።» ከዚያ ጨመረ። «ደግሞ እኔ የገዢው ደብዳቤ እንደመጣ መጥቼ በአሥራ አራት እሷ እዚያ እንዳልነበረች ነግሬዎት ነበር። ግድ የለም፣ የእሷ ቁጥር ይሁን፣ እሷ ሰው የላትም ያሉኝ እርስዎ ነዎት።»

እሷ ሰው የላትም። ዘጠኝ ቃሏን በጆሮዋ ሰማቻት፤ አሥራ አንድ ዓመት የሰፋችለት ሰው ስለ እሷ የሚያውቀው ይህችን ብቻ ነው። እንባዋ መጣ፤ መለሰችው። በጎን ክፍል ወረቀት መገላበጡ ቆሞ ነበር።

ሥራ አስኪያጁ ደብዳቤውን በሁለት ጣቱ ወደ ራሱ ሳበ። ጸሐፊዋን ጠርቶ፣ አንድ ቃል ተለውጦ እንደገና ይታተም አለ፤ የትኛው ቃል ስትለው መናገር ከብዶት በእስክሪብቶ አከበበላትና ከላዩ ጻፈው። ውጪ ጠብቂ፣ ሲደርስ እንጠራሻለን አላት ዘጠኝን።

አልወጣችም። ከጠረጴዛው ፊት ለፊት ያለው ወንበር የእንግዳ ነው፤ ከሠራተኛ ወገን የተቀመጠበት የለም። ሳበችውና ተቀመጠችበት። ፊሽካ እዚያው ግድግዳው ጋ ቆሞ ነበር፤ ሌላ ወንበር መኖሩን በአገጯ አሳየችው። እሱም እየፈራ መጥቶ ጎኗ ተቀመጠ።